ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ሻደይ ቪዲዮ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀደምት ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። አይፈረድበትም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ማየት ለአማኝ መንፈስ መጥራት ሳይመስለው አይቀርም።

ትንንሽ ከተሞች ፊልምን የለመዱት ዘግይተው፣ በቪዲዮ ቤት ነው፦ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ። ልጁ እዚያ መዋሉን የሰማ ወላጅ ቁጣው ከሰይጣን ቤት ዘመን ብዙም አይርቅም ነበር። በሌላ በኩል መንፈሳዊ መዝሙርም በካሴት፣ ኋላም በቪሲዲ እየተቀረጸ ያው ቴሌቪዥን ላይ መታየት ጀመረ።

እንደ ሰቆጣ ባለች ከተማ ዛሬ የስልኩ ካሜራ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይዞራል። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ሲፈታ የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ይጀመራል። ልጃገረዶች ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ከቤት ቤት ይዞራሉ።

የሠፈሩን ጭፈራ የምትቀርጸው ብዙ ጊዜ ታናሽ እህት ናት፤ የታላቋን ሁለት እጅ ከበሮው ይዞታል። ታናሿም እግሯ አላርፍ ስለሚላት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፊት ይጠፋና ወገብ ላይ የሚወዛወዘው ሣር ብቻ ይቀራል።