ፊልሙን ያስቆመችው ልጅ

አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው ያቀኗት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሰውየው ከተማ ብቻ አይደለም ያቀኑት። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ተውኔቱ ሹማምንቱን ነካ ተብሎ ታገደ።

ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም. ማለቂያ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ ሌላ ሥራ ታገደ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነበር። ሰው ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፣ እንግዶቹ መጥተዋል፤ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት የወሰደው ፊልም አገሩ ላይ ሳይጀመር ቆመ። ይህኛውን ያስቆመው ግን የተቆጣ ሹም አልነበረም። ታሪኩ የእኔ ነው ያለች ሴት ናት።

ታሪኩ የተፈጸመው የምዕራብ ሐረርጌ ጎረቤት በሆነው አርሲ ነው፣ በፈረንጆቹ 1996። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት፣ ጠላፊዋ ደፈራት፤ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፣ ሲደርስባት ተኮሰች፣ ሞተ። በሰው መግደል ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ስሟ በየጋዜጣው ወጥቷል፣ እኔ ግን እዚህ አልደግመውም። ፊልሙ ሂሩት ብሏታል። ትዝታ ሃገሬ ነች የተጫወተቻት፣ ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን ደግሞ ሜሮን ጌትነት።

ርዕሱን ልብ በሉት። ድፍረት ጀግንነት ነው፣ ድፍረት መደፈርም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚይዘው አማርኛ ነው፤ የውጭ ተመልካች ይህን የሚያገኘው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሕጉ። ያኔ የሚሠራው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፤ ተግሣጽ፣ የቅርብ ክትትል፣ ቢብስ የጠባይ ማረሚያ ነው የሚጠብቀው። ከ15 ካለፈ ግን የትልቆቹ ቅጣት በር ይከፈታል። እንግዲህ አስቡት፦ የአንድ ልጅ ዕጣ በአንዲት ዓመት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓመቷን የሚመሰክር ወረቀት ደግሞ የለም። በገጠር ዕድሜ የሚቆጠረው በድርቁና በጦርነቱ ነበር። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ያው ሕግ ለጠላፊው መውጫ ነበረው፦ የተጠለፈችው «ወድዳ» ካገባችው ክስ አይመሠረትም። ይህን በር የዘጋው ከግንቦት 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው። እንዲዘጋ ከጮኹት መካከል ግንባር ቀደሞቹ እነዚያው የሴት ጠበቆች ናቸው። መዓዛ በጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች።

በፊልሙ ውስጥ ሌላም ችሎት አለ፣ ዛፍ ሥር። ለጭሮ፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኢቱዎች ሸንጎ የሚሰበሰብበት ኦዳ ቡልቱም እዚያው በዴሳ አካባቢ ነው። የጉማ ሥርዓት ደም እንዳይቀጥል ቤተሰብና ቤተሰብን ያስታርቃል፣ ካሳ ይቆርጣል። ትልቅ ጥበብ ነው፣ አልክድም። ግን የሚያስታርቀው ወገንን ከወገን ነው፤ ልጅቷ ራሷ ወገን አይደለችም። ፍርድ ቤት ነፃ ያላትን ልጅ ሽማግሎቹ ከአገሯ አራቋት። በአርሲ ገጠር በኦሮምኛ የሚካሄድ ሸንጎ ፊልሙ ላይ አማርኛ መናገሩም አንድ ነገር ቀንሷል፤ ያ ሕግ ራሱን የሚያስረዳበትን ቋንቋ አጥቷል፣ ሽማግሎቹም ከሚገባው በላይ ግትር መስለው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ እያለ «ድፍረት» የጠበቃዋ ፊልም ነው ባይ ነኝ። የምትሮጠው፣ የምትከራከረው፣ የምታሸንፈው መዓዛ ናት፤ ሂሩት ዝም ብላ ትመለከታለች። ከእውነተኛ ታሪክ የተሠሩ የሕፃናት ፍርድ ፊልሞች በሽታ ይሄ ነው፦ ዳኛው «ነፃ ነሽ» ሲል ታሪኩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ለ14 ዓመት ልጅ ያኔ ገና መጀመሩ ነው። የት ትደር? በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በማን ስም ትማር?

ከዚህ በሽታ ያመለጠ አውቃለሁ። ኒውዮርክ በ1989 በግፍ የታሰሩት አምስት ልጆች ታሪክ፣ «ዌን ዘይ ሲ አስ»፣ በ2019 ሲሠራ ባለታሪኮቹ አብረው ነበሩ። እንዲያውም ዳይሬክተሯን ኤቫ ዱቨርኔይን ቀድሞ በትዊተር የጻፈላት ከአምስቱ አንዱ ነው። የመጨረሻው ክፍል በአብዛኛው 16 ዓመት ስለሞላው ብቻ ከትልቆች ጋር ስለታሰረው ኮሪ ዋይዝ ነው፤ ከፍርዱ በኋላ ስላሉት ዓመታት። እዚያም ክስ ተነሣ፣ ግን የከሰሰችው በዘመኑ የወሲብ ወንጀሎች ክፍልን ትመራ የነበረችው ዐቃቤ ሕግ ናት። ባለታሪኮቹ አልከሰሱም።

እኛ ዘንድ የከሰሰችው ልጅቷ ሆነች። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ፤ ብዙ ሰው ያን ምሽት «የፊልሙ ችግር» እያለ ያወራዋል። ለእኔ ግን በታሪኩ ውስጥ እሷ በራሷ አንደበት የተናገረችበት ትዕይንት ያ ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ደግሞ የለም። በ14 ዓመቷ ፍርድ ቤት የቆመችው ተከሳሽ ሆና ነበር። በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ከሳሽ ሆና ተመለሰች፣ ዳኛውም ሰማት።