የጦር ሜዳ ደብዳቤና ሦስተኛው ሰው

ወደ ሩቅ አገር የዘመተ ወታደር ለቤተ ሰቡ የሚጽፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር አይገኝበትም። የጤና ጥያቄ ይቀድማል፤ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ይከተላል፤ ለዘመድ ሁሉ በየስሙ ሰላምታ ቀርቦ ይዘጋል። ሆኖም በጦርነት ጊዜ «ደህና ነኝ» የምትለው ቃል ከወርቅ ትከብራለች፤ እርሷ የቀረች እንደ ሆነ እናት ስለ ልጇ፣ ልጅም ስለ እናቱ ክፉ ክፉውን ያስባሉና። ስለ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲነገር ጸሐፊውና ተቀባዩ ብቻ ይታወሳሉ። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው በሁለቱ መካከል ቆሞ ደብዳቤውን ለባለቤቱ ስለሚያደርሰው ስለ ሦስተኛው ሰው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጁን 1944፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ጠረፍ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወታደሩ በአንድ ስፍራ የሚረጋ አልሆነም፤ አንዱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሌላው ቆስሎ ሆስፒታል ይገባል፤ ሌላውም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። እናት በአሜሪካ ሆና የጻፈችው አድራሻ ደብዳቤው ባሕር ሳይሻገር ያረጃል። በዲሴምበር 1944 ደግሞ ጀርመኖች በአርዴን በኩል ድንገት ባጠቁ ጊዜ ችግሩ ባሰ። ደብዳቤውና የገና ስጦታው በእንግሊዝ አገር በየመጋዘኑና በአውሮፕላን መጠለያዎች ውስጥ ተከመረ፤ ብዛቱም 17 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበረ ተገምቷል።

ይህን ክምር እንዲያነሡ በፌብሩዋሪ 1945 ወደ በርሚንግሃም ከተማ የተላኩት የ6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጦር ሴቶች ነበሩ። ቁጥራቸው በጠቅላላው 855 ሲሆን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አዛዣቸው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ዕድሜያቸው 26 ዓመት ሲሆን ወደ ጦሩ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ጦር ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ያሰልፍ ስለ ነበር እነዚህ ሴቶች የሚያገለግሉት ከራሱ ጋር እኩል ያላደረጋቸውን ሠራዊት ነበር።

የሥራ ቦታቸው የማይሞቅ ቤት ነበር፤ የአየር ጥቃት ስለሚፈራ መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ተሸፍኗል፤ በየጥቅሉ ውስጥ የሻገተው ኬክም አይጥ ይጠራ ነበር። ሴቶቹ በሦስት ፈረቃ ተከፍለው ሌሊትና ቀን ሠሩ፤ በአንድ ፈረቃም 65,000 ያህል ደብዳቤ ያወጡ ነበር። ዋናው መሣሪያቸው ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ የስም ካርድ ነው። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻ ከ7,500 በላይ ስለ ነበረ አንዱን ከሌላው የሚለዩት በወታደርነት ቁጥሩ ነበር። አንዳንዱ ደብዳቤ ደግሞ የቤት መጠሪያውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ እናት ልጇን የምታውቀው በቁልምጫ ስሙ ነውና። ይህም ቢሆን ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ይፈለግ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የሞተው ወታደር ደብዳቤ ነው። እርሱ ወደ ላኪው መመለስ አለበት። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች ለአንዱ ቤት ደስታን ሲልኩ ለሌላው ቤት መርዶን ያጸና ነበር፤ እጃቸው ግን ሁለቱንም በእኩል ጥንቃቄ ይይዝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጀኔራል ሊጐበኛቸው መጥቶ ሁሉም ተሰልፈው ባለማግኘቱ ተቈጣ። ገሚሶቹ በሥራ ላይ ነበሩ፤ ገሚሶቹም ከሌሊት ሥራ ወጥተው ተኝተዋል። አሠራሩን የሚያሳያቸው ነጭ መኰንን እልካለሁ ብሎ ቢዝት፣ ሻለቃ አዳምስ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህ እንደማይሆን መለሱለት። በጦር ፍርድ ቤት ሊከሳቸው አስቦ ነበር፤ ነገሩ ግን ቀረ። እውነተኛውን መልስ የሰጠው ሥራው ነው፤ 6 ወር ይፈጃል የተባለው ክምር በ3 ወር አለቀ። ከዚያም በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ ሌላ ክምር ጠበቃቸው፤ ከመካከላቸውም ሦስቱ በመኪና አደጋ ሞተው በኖርማንዲ ተቀበሩ።

በ1946 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሻለቃ ጦሩ ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት ተበተነ። ምክር ቤቱ የወርቅ ሜዳይ እንዲሸለሙ የወሰነው በ2022 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከብዙዎቹ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ በሕይወት የቀሩት።

እንግዲህ በጠረጴዛችን ላይ የሚያልፈው ወረቀት ሁሉ በሌላ ስፍራ የሚጠብቀው ሰው አለው። ስሙ በካርድ ላይ ከሌሎች 7,500 ስሞች ጋር ቢመሳሰልም ለሚጠብቀው ግን አንድ ብቻ ነው። የበርሚንግሃም ሴቶች ይህን አውቀው ሠሩ፤ ምስጋናው ቢዘገይም ደብዳቤው አልዘገየም።