በጨርቅ ቁራጭ የተመዘገበ ሐዘን
በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድህነት አስገድዷቸው ልጆቻቸውን አሳልፈው ከሰጡት የሎንደን እናቶች መካከል አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩ ስሜታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው አላቆዩም፤ ሐዘናቸው ለዛሬ የደረሰው ለቁጥጥር ሲባል በተያዘ መዝገብ ነው። መዝገቡ የፋውንድሊንግ ሆስፒታል ሲሆን፣ ይህ ተቋም ሆስፒታል ይባል እንጂ ሕሙማን የሚታከሙበት ሳይሆን ወላጆቻቸው ማሳደግ ያቃታቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ነበር። መሥራቹ የመርከብ አዛዡ ቶማስ ኮራም መንገድ ዳር ተጥለው የሚሞቱ ሕፃናትን ማየት ስለከበደው ለ17 ዓመታት ያህል መኳንንቱን ደጅ ሲጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1739 ከንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ የማቋቋሚያ ፈቃድ አገኘ።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1741 ምሽት በሩን ከፍቶ 30 ሕፃናትን ከተቀበለ በኋላ ቦታ ስለሞላ ሌሎቹን መለሰ። የዚያን ሌሊት ቃለ ጉባኤ፣ ልጃቸውን ይዘው የተመለሱት ሴቶች ሐዘን ልጃቸውን አስረክበው ከወጡት ሐዘን እምብዛም እንዳልበለጠ ይመሰክራል። ስለ ድሃ ወላጅ ብዙ ከተጻፈው ሁሉ ይህ የጸሐፊ ማስታወሻ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መግባትም መመለስም እኩል ሲያስለቅስ ያሳያልና።

በዓመቱ ግፊያውን ለማስቀረት ዕጣ ተጀመረ፤ ከከረጢት ነጭ ኳስ ያወጣች እናት ልጇ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ይገባላታል፣ ቀይ የደረሳት ተጠባባቂ ትሆናለች፣ ጥቁር የወጣባት ልጇን ታቅፋ ትመለሳለች። አሠራሩ አድልዎን ማስቀረቱ አይካድም፤ ይሁንና የልጇ ዕድል በገዛ እጇ የተበላሸ መስሎ እንዲሰማት ማድረጉም አይቀርም።

የገባው ሕፃን አዲስ ስም ወጥቶለት ስለሚጠመቅ፣ ወላጁ ኑሮ ተሻሽሎለት ልጁን ሊወስድ ቢመጣ በቀድሞ ስሙ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በዚህ ምክንያት የገባበት ቀን፣ የለበሰው ልብስና የሰውነቱ ምልክት በተመዘገበበት ቅጽ ላይ መለያ ይያያዝ ነበር፤ አንዳንዱ ሳንቲም ወይም የለውዝ ቅርፊት ቢሆንም አብዛኛው ከልብስ የተቆረጠ እራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 አንዲት እናት በእራፊ ላይ የተጠለፈ ልብ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ከልጇ ቅጽ ጋር ትታ፣ ከ8 ዓመት በኋላ ተመልሳ ልጇን ወስዳለች። ወደ 5,000 የሚጠጉት እራፊዎች ዛሬ ተራው ሕዝብ ምን ይለብስ እንደነበር ለሚያጠኑ ሰዎች አቻ የሌላቸው ማስረጃ መሆናቸው ባለቤቶቹ ያላሰቡት ውጤት ነው።

የተመለሱት ወላጆች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ እስከ 1760 ድረስ ከገቡት 16,282 ሕፃናት በወላጆቻቸው የተወሰዱት 152 ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር የወላጅ ግዴለሽነት ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። የእንግሊዝ ፓርላማ ገንዘብ ሰጥቶ ተቋሙ ከ1756 እስከ 1760 የመጣውን ሁሉ እንዲቀበል ባዘዘ ጊዜ ከገቡት 14,934 ሕፃናት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሞተዋል፤ ኑሮ የሚቃናበት ቀን ቢመጣ እንኳ ለብዙዎቹ ወላጆች የሚወሰድ ልጅ አልነበረም። በ1760ዎቹ ለወላጆች የጽሑፍ ደረሰኝ መስጠት እየተለመደ ሲሄድ እራፊው ቀረ፤ ከ1763 ጀምሮም እናቶች ችግራቸውን የሚያስረዳ ማመልከቻ አቅርበው ስለ ኑሯቸው ይመረመሩ ስለነበር፣ መዝገቡ የእነርሱን ቃል በጠያቂዎቹ አጻጻፍ መያዝ ጀመረ።