ወንጪ፦ በገበሬ ደጃፍ የሚያልፍ ጉብኝት

በአምቦና በወሊሶ ከተሞች መካከል፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ከፍታዎች ላይ፣ እሳተ ገሞራ ከብዙ ዘመናት በፊት ፈጥሮት ያለፈ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ይገኛል። የወንጪ ሐይቅ ያረፈው በዚህ ጎድጓዳ ወለል ላይ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ በዙሪያው ያለው ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በወሊሶ በኩልም መድረስ ይቻላል።

ወንጪ በአጥር የተከለለ መናፈሻ ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ቀዬ ነው። ከአፋፉ ወደ ውኃው የሚወርድ ጎብኚ በገብስና በድንች ማሳ ዳር፣ በእንሰት ጓሮ አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ጉብኝቱ የሚያምረውም የሚበላሸውም እንግዳውና ባለቤቱ በሚገናኙበት መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ አሳሳች ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እግር ይቀላል፣ ዐይንም በሐይቁ ይያዛል፤ ድካሙ የሚታወቀው ሲመለሱ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱን ጥቂት እንደተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ሕፃን ያዘለ ሰው ለመልሱ ፈረስ ቢይዝ ይበጀዋል።

የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ለረጅም ዓመታት ፈረስና ጀልባ ሲያከራዩ፣ እንግዳም ሲመሩ ኖረዋል። ሥራውን በተራ መከፋፈላቸው አንደበተ ርቱዕ የሆነው ብቻ ሁሉን እንዳይወስድ ይጠቅማል። ጎብኚው ተራውን ዘልሎ በርካሽ ለመከራየት ቢሞክር ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል፤ ተራውን ሲጠብቅ የዋለው አባወራ ግን ባዶ እጁን ይገባል። ዋጋውን፣ የጉዞውን ርዝመትና መልሱ አብሮ መታሰቡን ከመነሣት በፊት መነጋገር ከጭቅጭቅ ያድናል።

ፈረሱም ነፍስ አለው። ኮርቻው ጀርባውን ያቆሰለውን ፈረስ አለመቀበል የጎብኚው መብት ነው፤ ባለቤቱም ይህን እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም። ቁልቁለቱ ሲበረታና መሬቱ ሲያዳልጥ ወርዶ በእግር መሄድ ለፈረሱም ለተቀማጩም ደኅንነት ነው። ከተጠረገው መንገድ ወጥቶ በማሳ ማቋረጥ ደግሞ ሰብል ከመርገጥ የከፋ መዘዝ አለው፦ ኮቴ የቀደደውን ተዳፋት ክረምቱ ቦይ ያደርገዋል፣ አፈሩም ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

በሐይቁ ላይ በጀልባ ተሻግሮ በደሴት ላይ ያለውን ጥንታዊውን የወንጪ ቂርቆስ ገዳም መሳለም ይቻላል። የገዳም ሥርዓት ስላለ ልብስን ማስተካከልና ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ተገቢ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ። ለመዋኘት የሚቋምጡም አሉ፤ ነገር ግን ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እንዲህ ያሉ ሐይቆችም ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ። ገላ መታጠብ ለፈለገ በአካባቢው ፍል ውኃ አለ፤ የማዕድን ውኃ ምንጮችም ይገኛሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዱም እርሱ ነው። የእንግዳው ቁጥር በጨመረ መጠን፣ ድንች፣ ማርና ቆጮ ለሚያቀርበው ገበሬ ገበያው ደጁ ድረስ ይመጣል፤ ምሳን ከከተማ ቋጥሮ ከመምጣት ይልቅ እዚያው መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው። ለሕፃናት ሳንቲምና ከረሜላ መበተን ግን አይመከርም፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ መንገድ ላይ ያውላቸዋል።

ለጉዞ የሚመቸው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ጉልበት ይፈታተናል፣ ጉሙም ሐይቁን ከዐይን ይሰውረዋል። በበጋም ቢሆን ማለዳና ምሽቱ ብርዳም ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት መያዝ ያስፈልጋል። ከሐይቁ ዳር እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ መነሣት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ዳገቱን ጨርሶ አፋፉ ላይ ለመድረስ በቂ ጊዜ ይሰጣል።