የኮቪድ-19 ደንቦችና የዶርዜ ሸማኔዎች

ዶርዜ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በጨንቻ ደጋ ላይ የሚገኝ አካባቢና የሕዝቡም መጠሪያ ነው። በሽመናውና ከቀርከሃ በሚሠራው ረጅም ቤቱ በሰፊው ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ መንግሥት ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ሥራ ልዩ ልዩ ደንቦችን አወጣ። ደንቦቹ ለመላው አገር የወጡ ናቸው። ሆኖም ለዶርዜ ሸማኔ መኖሪያው የሥራ ቦታው፣ ገበያው ደግሞ የገቢው ምንጭ በመሆኑ፣ በተለያዩ አንቀጾች የተደነገጉት ነገሮች በአንድ ቤተሰብ ላይ አብረው ያርፉ ነበር። ይህ መጣጥፍ የዶርዜን ቤትና ሽመና፣ የወረርሽኙን ደንቦችና የሁለቱን ግንኙነት ይመለከታል።

አካባቢውና ሕዝቡ

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዶርዜ ከዚያ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲሆን ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያላነሰ ነው። ስለዚህ ከቆላው ሙቀት የተነሣ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ጭጋግና ብርድ ወዳለበት ደጋ ይደርሳል። ደጋው የእንሰት፣ የገብስና የቀርከሃ አገር ነው። ለሽመና የሚያስፈልገው ጥጥ ግን በቆላው ይበቅላል። ደገኛውና ቆለኛው ከጥንት ጀምሮ በገበያ የተሳሰሩትም በዚህ ዓይነት የምርት ልዩነት ምክንያት ነው።

የዶርዜ ቋንቋ ከኦሞቲክ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ከጋሞኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። አካባቢው ቀድሞ በጋሞ ጎፋ ዞን ሥር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዞኑ ጋሞና ጎፋ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የጋሞ ዞን የዚሁ ክልል አካል ሆነ።

ዶርዜ በአንትሮፖሎጂ ጥናትም የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ስለ ምልክትና እምነት በጻፈው ሥራ ብዙ ምሳሌዎችን ከዶርዜ ወስዷል። አሜሪካዊቷ ጁዲት ኦልምስቴድ ደግሞ የአካባቢው መሪ ስለነበረችው ጪማቴ ጩምባሎ በ1997 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች።

የዶርዜ ቤት

የዶርዜ ቤት ምሰሶ ቆሞ፣ ጭቃ ተለስኖ የሚሠራ ቤት አይደለም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጠላለፈ ከመሬት ወደ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳውና ጣሪያውም አንድ ወጥ ሽመና ናቸው። ከላይ በእንሰት ቅጠልና ሽፋን ይለበሳል። ከበሩ በላይ ወደ ፊት ወጣ ያለ ክፍል አለው፤ ከርቀት ሲታይ የዝሆን ራስና ኩምቢ ይመስላል። አዲስ ቤት 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ሊኖረው ይችላል።

ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል። መሬት የነካው የቀርከሃ ጫፍ በእርጥበት ሲበሰብስ ወይም ምስጥ ሲበላው፣ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይወገድና ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የቤቱን ቁመት አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። በየጊዜው እየታደሰ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። ሙሉ ቤቱ በብዙ ሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወርም ይችላል።

በውስጡ ምድጃ አለ፤ ጢሱ በጣሪያው በኩል እየተነነ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል። በአንድ በኩል ከብት ይታሰራል፤ የከብቱ ሙቀት በደጋው ብርድ ለቤተሰቡ ይጠቅማል። በዋናው ቤት ዙሪያ አነስተኛ ቤቶች ይሠራሉ፦ ለማብሰያ፣ ለአዲስ ተጋቢዎች፣ ለሽመና ወይም ለእንግዳ። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የእንግዳ ቤቶቹ ለአገር ጎብኚዎች ማረፊያ ሆነው ገቢ ያስገኛሉ።

ሽመናና ንግድ

በዶርዜ ሥራው በልማድ የተከፋፈለ ነው። ሴቶች ጥጥ ያዳምጣሉ፣ ያባዝታሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ። ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ድሩን በእግሩ ይከፍታል፤ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ሸማውን ይሠራል። ከሚሠሩት ልብሶች መካከል ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቡልኮና ባለጥለት ቀሚስ ይገኛሉ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው ዱንጉዛም በጋሞና በወላይታ የታወቀ ነው።

ይህ ንግድ ወቅት አለው። ነጠላና ቀሚስ በብዛት የሚሸጡት ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለሠርግ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ለበዓሉ ሰሞን የሚዘጋጁበት ነው። አንድ በዓል ሳይሸጥበት ካለፈ ለፈትል የወጣው ገንዘብ ታስሮ ይቆያል። በዶርዜ ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ ነው። በገበያው ከሸማ ሌላ ፈትል፣ ቆጮ፣ ቅመምና የሸክላ ዕቃ ይሸጣል።

ሸማኔዎች በአዲስ አበባ

ከጋሞ ደጋ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሠፍረዋል። በተለይ በጉለሌ አካባቢ፣ ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ የሚታወቀው በእነሱ ሥራ ነው። በከተማው አነጋገር «ዶርዜ» የሚለው ስም ከየትኛውም የጋሞ ደጋ ለመጣ ሸማኔ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል፤ አንዳንዴም ሙያውን ለማንቋሸሽ ውሏል። ብዙዎቹ ለመስቀል ወደ ትውልድ ቀያቸው የመመለስ ልማድ አላቸው። መስቀል በጋሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጥ በዓል ነው፤ የተራራቀው ቤተሰብ የሚገናኘው፣ ዕርድ የሚታረደውና ሠርግ የሚታሰበው በዚያ ሰሞን ነው።

በአዲስ አበባ የቀርከሃ ቤት የለም። ሸማኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ የሽመና ዕቃውንም የሚተክለው በዚያው ክፍል ወይም በማኅበር ተደራጅቶ በሚያገኘው ሼድ ነው። ስለዚህ ከቤቱ የሚወጣ ሸማኔ ከማደሪያው ጋር ሥራውንም ያጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ከቤታቸው መፈናቀላቸው ይህን ተጋላጭነት በግልጽ አሳይቷል።

የወረርሽኙ ደንቦች

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው በመጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ የጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱን አስታወቀ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ትላልቅ ስብሰባዎች እንዲቆሙ ተወሰነ። በዚያው ወር አጋማሽ ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ፤ የየብስ ድንበሮችም ተዘጉ።

መጋቢት 30 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ለአምስት ወር አጸደቀው። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 466/2012 ወጣ። ዋና ዋናዎቹ ክልከላዎችና ግዴታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ለማንኛውም ዓላማ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤
• በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሰዎች መካከል የሁለት እርምጃ ርቀት እንዲኖር ታዘዘ፤
• በገበያ፣ በሱቅ፣ በትራንስፖርትና በመሳሰሉት ቦታዎች አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤
• የሕዝብ ማመላለሻ ከመጫን አቅሙ በግማሽ እንዲሠራ ተደረገ፤
• አከራይ ተከራይን ከቤት ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር ተከለከለ፤
• አሠሪ በወረርሽኙ ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበት ተከለከለ።

ደንቡን መጣስ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ያስከትል ነበር።

ደንቦቹና የሸማኔው ኑሮ

ቤት ኪራይ። ከቤት ማስወጣትን የሚከለክለው አንቀጽ ለከተማው ሸማኔ ከሌሎቹ ሁሉ የቀረበ ነበር። ተከራዩ ቤቱንና የሽመና ቦታውን አብሮ እንዲይዝ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ ደንቡ ኪራዩን አልሰረዘም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ያልተከፈለው ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል። ከዚህም ሌላ ብዙ የኪራይ ስምምነት በቃል የሚደረግ በመሆኑ፣ ኪራይ ተጨመረብኝ ወይም ውጣ ተባልኩ የሚል ተከራይ ማስረጃ ማቅረብ ይቸግረዋል። በዶርዜ በራሱ የቀርከሃ ቤት ለሚኖር ሸማኔ ግን አንቀጹ ብዙም ትርጉም አልነበረውም። የእሱ ጉዳይ ኪራይ ሳይሆን ገበያ ነው።

ገበያና በዓል። አዋጁ የወጣው ከፋሲካ 11 ቀን ቀደም ብሎ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለ ሲሆን ብዙ ምእመናን በዓሉን በየቤታቸው አሳለፉ። ሠርግና ድግስም በ4 ሰው ገደብ ሥር ወደቁ። የሸማ ፍላጎት የሚመነጨው ሰው ለብሶ ከሚወጣበት አጋጣሚ ስለሆነ፣ የመሰብሰብ ክልከላው ሱቅ ባይዘጋም የገዢውን ምክንያት የሚያስቀር ነበር። አዋጁ ያበቃው በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በመካከሉ ያለው የክረምት ጊዜ ለሸማኔው የመሥሪያ ወቅት ነው፤ ሆኖም ለፈትል መግዣ የሚሆነው የፋሲካ ሽያጭ ነበር።

ጉብኝት። ከውጭ የሚገባ ሰው 14 ቀን ተለይቶ መቆየት ሲኖርበትና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ብዙ አገሮች በረራ ሲያቋርጥ፣ የውጭ አገር ጎብኚ ወደ ዶርዜ የሚመጣበት መንገድ ተዘጋ። ይህ የእንግዳ ቤት ያላቸውን፣ አስጎብኚዎችን፣ ቆጮ በማርና በዳጣ የሚያቀርቡ ሴቶችንና በመንገድ ዳር ሸማ የሚሸጡትን በአንድ ጊዜ የሚመለከት ነበር።

ዱቡሻ። በጋሞ ማኅበረሰብ የጋራ ጉዳይ የሚመከርበት፣ ጠብ የሚበርድበትና ዕርቅ የሚፈጸምበት የአደባባይ ስብሰባ ዱቡሻ ይባላል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ጥፋትን ማስቀረታቸው የዚህ የሽምግልና ባህል የታወቀ ምሳሌ ነው። የ4 ሰው ገደብ እንዲህ ያለውን ጉባኤ በሕግ የሚከለክል ሆነ። ለቅሶ፣ ዕድርና የቤት ሥራ ደቦም የብዙ ሰው መሰብሰብን ይፈልጋሉ። ቤት ለማንሣት በርካታ ትከሻ በሚያስፈልግበት አገር የሁለት እርምጃ ርቀት ቀላል ግዴታ አልነበረም።

ለሥራ ተቋማት የተሰጠ ድጋፍ

መንግሥት ንግዱ እንዳይወድቅ በርካታ እርምጃዎችን ወስዷል። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 2007 ዓ.ም. ያለ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ወለድና ቅጣት እንዲነሣ ተወሰነ። ሥራ አቁመው ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር ምሕረት ተደረገ።

እነዚህ እርምጃዎች የሚደርሱት የባንክ ብድር፣ የግብር መዝገብና የደመወዝ መክፈያ ላለው ድርጅት ነው። በቤቱ ከልጆቹና ከዘመዶቹ ጋር የሚሸምን ሰው ከሦስቱም ውጭ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛን ከመሰናበት የሚጠብቀው አንቀጽም ቢሆን የቅጥር ውል የሌለውን፣ በቁራጭ የሚከፈለውን ሸማኔ አይሸፍንም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ቅርብ የነበረው እርዳታ የዘመድ፣ የዕድርና የጎረቤት ድጋፍ እንዲሁም በወቅቱ በየከተማው የተካሄደው ማዕድ የማጋራት ዘመቻ ነው።

ከአዋጁ በኋላ

አዋጁ ካበቃ በኋላ የጤና ሚኒስቴር በመስከረም 2013 ዓ.ም. መመሪያ ቁጥር 30/2013ን አወጣ። መመሪያው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛንና ርቀትን አስቀጥሎ፣ የሥራና የስብሰባ ሁኔታዎችን በገደብ ፈቀደ። ትምህርት ቤቶች በጥቅምት በየደረጃው ተከፈቱ። ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በታወቀ ልክ በዓመቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ በኢትዮጵያ ከ7,500 በላይ ሰዎች በበሽታው መሞታቸው ተመዝግቧል።

በአስቸኳይ ጊዜ ለተከራይ ተሰጥቶ የነበረው ጥበቃ አዋጁ ሲያልቅ ቢያበቃም፣ ጉዳዩ ተመልሶ መጥቷል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ የኪራይ ጭማሪንም ይገድባል። በቃል ውል የሚኖር ሸማኔ በ2012 ዓ.ም. የጎደለው ማስረጃ፣ ማለትም የተመዘገበ ውል፣ በዚህ አዋጅ ግዴታ ሆኗል። ሆኖም አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው፤ በአንድ ክፍል ለሚኖርና ለሚሸምን ሰው ደግሞ መኖሪያውን ከሥራ ቦታው መለየት ዛሬም አስቸጋሪ ነው።