አንድ ጉበት፣ ብዙ መድኃኒት፦ ሄፓታይተስ ሲ ከዘነበወርቅ ሲታይ



የንግግሬ ርእስ ሄፓታይተስ ሲ ቢሆንም የምጀምረው ከሌላ በሽታ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የዘነበወርቅ ሰፈር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የሥጋ ደዌን ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስፍራ በ1965 አለርት ተመሠረተ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ዛሬ አለርት የሳንባ ነቀርሳንና ኤች አይ ቪን ጨምሮ ልዩ ልዩ ሕመሞችን የሚያክም ሆስፒታል ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች ግን እያንዳንዱን በሽታ በየራሱ ምዕራፍ የመተረክ ልማድ አለን። ይህ ልማድ ከታማሚው ሕይወት ጋር አይገጥምም ብዬ እከራከራለሁ፤ መድኃኒቶቹ ሁሉ የሚያልፉት በአንድ ጉበት ነውና።

ሄፓታይተስ ሲ ለረጅም ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውም። በ1970ዎቹ ደም ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል የጉበት ብግነት የያዛቸው፣ ምርመራቸው ግን ኤንም ቢንም የማያሳይ ብዙዎች ተገኙ። ሐኪሞችም በሽታውን «ኤም ቢም ያልሆነ» ብለው ጠሩት። ቫይረሱ የታወቀው በ1989 ነው። ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ ለዚህ ሥራ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ቫይረሱ በሕክምና እጅ ሳይቀር ሲዛመት ቆይቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የግብፅ ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ በሚገባ ሳይቀቀሉ በተደጋገሙ መርፌዎች ምክንያት ቫይረሱ ወደ ብዙ ሕዝብ ተላለፈ። በኢትዮጵያም እንደ ግብፅ የሚበዛው የቫይረሱ ዝርያ አራተኛው ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ በሽታው ከግብፅ መጣልን ማለት ግን ችኮላ ይሆናል። በእኛ ዘንድ መርፌ ከክኒን ይልቅ ፈዋሽ ነው የሚለው እምነት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። የጉበትን ሕመም «የወፍ በሽታ» የምንለው በዓይን ቢጫነት ለይተን ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አያቢጭም፤ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ዝም ብሎ ይቆያል። ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች ከመቶ 15 እስከ 30 የሚሆኑት በሃያ ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ይጠባሰሳል። ከዚያ በኋላ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ የጉሮሮ ደም ሥሮች አብጠው ይደማሉ፤ አእምሮ ይደነግዛል፤ የጉበት ካንሰርም ይከተላል። ቢጫነቱ በዚህ ጊዜ ሲታይ ስሚዛ ጨምቆ መጠጣት ወይም ለሆድ ሕመም ዳይክሎፌናክ መወጋት የተለመደ ነው። ሁለተኛው በተለይ የተጠባሰሰ ጉበት ያለበትን ሰው ኩላሊት ሊያደክምና መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

ወደ መድኃኒቶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው ሕክምና ኢንተርፌሮን ነበር፤ ቆይቶም ሪባቪሪን ተጨመረበት። ብዙ ጊዜ 48 ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ ትኩሳትና ከባድ ድባቴ ያስከትላል። ሪባቪሪን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ይህን ጉዳት ከዳፕሶን ያውቁታል፤ የሁለት በሽታዎች ታሪክ በአንድ የደም ማነስ ላይ ይገናኛል ማለት ነው።

በ2013 ሶፎስቡቪር ሲፈቀድ ዘመኑ ተለወጠ። በ2014 የተፈረመው የምርት ፈቃድ ስምምነት የሕንድ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ91 አገሮች በርካሽ እንዲያቀርቡ አስቻለ። በሶፎስቡቪርና በመሰሎቹ ጥምረት ከመቶ 95 የሚሆኑ ታማሚዎች ባብዛኛው በ12 ሳምንት ይፈወሳሉ። በእኔ ግምት እኛን የሚመለከተው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሪፋምፒሲን የሶፎስቡቪርን መጠን ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ ሁለቱ አብረው አይሰጡም። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ግን ሪፋምፒሲንን ለወራት በየቀኑ ይወስዳል፤ የሥጋ ደዌ ታማሚም በየወሩ ይውጠዋል። ለኤች አይ ቪ ይታዘዝ የነበረው ኤፋቪሬንዝም ቬልፓታስቪርን ያዳክማል።

ሌላም አለ። ሄፓታይተስ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ሊነቃ፣ አልፎም ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ከባዱን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። በዚያው ዓመት የታተመ የኢትዮጵያ ጥናቶች ጥንቅር የቢን ስርጭት ከመቶ 7.4፣ የሲን 3.1 አድርጎ አስልቷል። ስለዚህ በእኛ አገር ሲን ለማከም የሚነሣ ሐኪም ቢን ሳይመረምር መጀመር አይገባውም።

የሥጋ ደዌ ታማሚ ባክቴሪያው ከጠፋለት በኋላም የደነዘዘ እግሩን በየቀኑ መመርመር፣ ተስማሚ ጫማም ማድረግ ይኖርበታል። በሄፓታይተስ ሲ ምክንያት ጉበቱ የተጠባሰሰ ሰውም ቫይረሱ ከደሙ ከጠፋ በኋላ የካንሰር ሥጋቱ ስለማይለቀው በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።