ሰልጣኙ በዛ፣ መሣሪያው አነሰ፦ የሙያ ሥልጠናችን ታሪክ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ተነሥታ፣ «ልጄ ስፌት ተምራ ጨረሰች፤ ሲኦሲ ግን ወደቀች። ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ከአዳራሹ የተሰጣት መልስ ሁሉ «ትበርታ፣ ታጥና» የሚል ነው። እኔ ግን መልሱ አላጠገበኝም። የማኅበራችንን ሒሳብ ስለምይዝ ልጅቷን ደረሰኝ ስታመጣልኝ አውቃታለሁ፤ ኮሌጅ ውስጥ ለአራት በአንድ መኪና ነበር የሚሰፉት። እንዲህ ያለው እጥረት ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ሳገላብጥ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጣሊያን በወጣ ማግሥት መንግሥት የሚያሠራው የተማረ ሰው አልነበረውም። ካሉት ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተገድለዋል። ስለዚህ በ1934 ተግባረ ዕድ፣ በ1935 ደግሞ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። የመጀመሪያው ለመካኒኩና ለአናጢው፣ ሁለተኛው ለጸሐፊዋና ለእኔ ቢጤው ሒሳብ ሠራተኛ። በ1955 በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተጨመረ። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት፣ የሚገባባቸውም ጥቂት ነበር፤ ታላላቆቻችን ከዚያ የወጣን ሰው ሥራው ራሱ ይፈልገው ነበር ይሉናል።

ነገሩ የተለወጠው በ1986 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። 10ኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ተደረገ። ሙያ «የወደቁ ሰዎች ቦታ» የሚል ስም የወጣለት ያኔ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። በ1989 አካባቢ ሰልጣኙ በመላ አገሪቱ በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ነበር። በ1997 የግሉንም ጨምሮ ከ100 ሺህ አለፈ፤ በ2002 ከ300 ሺህ በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ነገር ልናገር። ሕንፃ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው፤ አንዴ ይፈቀዳል፣ ይሠራል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ክሩ፣ ጨርቁ፣ ጣውላው፣ የበያጁ ኤሌክትሮድ ግን በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት መውጣት አለበት። መደበኛ በጀት ደግሞ አስቀድሞ ደመወዝ ይወስደዋል፤ የተረፈው ለወረቀት፣ ለመብራትና ለነዳጅ ይዳረሳል። የመለማመጃ ዕቃ ተራው ሲደርስ የሚቀር ነገር የለም። ማንም ሳይሰርቅ፣ ሒሳቡም ሳይጎድል፣ ሰልጣኟ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። ኦዲተርም ይህን አያገኘውም።

አሰልጣኙም እንደ ሕንፃው በአንድ ዓመት አይሠራም። ብዙ ቦታ ትናንት የተመረቀው ዛሬ አስተማሪ ሆኖ ገባ፤ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን ሳይውል። እኔ በ2001 ኮሌጅ ስገባ 10+3 ይባል ነበር፤ ስወጣ ደረጃ 4 ሆኗል። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የተማርነው መምህራችን ሰሌዳ ላይ ስክሪኑን በጠመኔ እየሳለልን ነው። «እዚህ ጋ ትጫናላችሁ» ይለናል፣ እኛም ሥዕሉን እንገለብጣለን። መምህሩን አልወቅሰውም፤ የሚችለውን አድርጓል። ሥራ ተቀጥሬ የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን ላብ አጠመቀኝ።

በ2000 ማብቂያ የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ይህን ሊያርም የመጣ ነው። ስንት ዓመት ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ተብሎ ይጠየቅ አለ፤ የሙያ ደረጃ ተዘጋጀ፣ የብቃት ምዘና ማለትም ሲኦሲ መጣ። የትብብር ሥልጠና ተብሎም 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ታሰበ። በ2003 አሰልጣኞችን የሚያሠለጥን የፌዴራል ተቋም ተቋቋመ። ሐሳቡን ዛሬም አልቃወመውም። ዳሩ ግን ያን ሁሉ ሰልጣኝ የሚቀበል ድርጅት ከየት ይምጣ? ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ጋራዡም ልብስ ሰፊውም በጣት ይቆጠራል። አፓረንት የወጣችው ልጅ ወይ ሻይ ታፈላለች ወይ ወረቀት ታስፈርማለች። ምዘናው ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ የኮሌጁ ጉድለት የሚቆጠረው በልጅቷ ውጤት ላይ ነው።

እኛን ሴቶችን ደግሞ በሌላ በኩል ነካን። ሴቶች ከሰልጣኙ ግማሽ ገደማ ብንሆንም የምንበዛው በጽሕፈት፣ በሒሳብና በስፌት ነው፤ በአውቶና በብረታ ብረት ጥቂት ነን። ከ2006 በኋላ ሌላ ሸክም ተጨመረ። በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው መጡ፤ መንግሥትም ጉዞውን አገደ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ሴት የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዘዘ። ሕጉ ለእኛ ጥበቃ የታሰበ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አልመጣም።

በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሥልጠናውና ሥራው አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። መልካም ነው። የእኛ ግን የሪፖርት ቅጻችን እንኳ አልተለወጠም። ለጋሾቻችን አይቀየሙኝና፣ በየሩብ ዓመቱ የምንሞላላችሁ «የሠለጠኑ ሴቶች ብዛት» የሚለውን ነው፤ እኔ ራሴ በደስታ ስሞላው ኖሬያለሁ። መኪናው ለስንት እንደነበር፣ ስንቷ ተመዝና እንዳለፈች፣ ስንቷ ሥራ እንደያዘች የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሦስቱን ዓምዶች ጨምሬ ለቦርዱ አቅርቤያለሁ። ከሥልጠና ክፍያው ላይ ተቀንሶ ለክርና ለጨርቅ የሚሆን ገንዘብ እንዲያዝም ጠይቄያለሁ። ሰልጣኝ ቁጥራችን ይቀንሳል፤ አስቀድሜ እንድታውቁት ነው።

መጋዘናችን ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ቆሟል፤ አንደኛው ቀበቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። የዚያች እናት ልጅ ዳግም እስክትመዘን ድረስ ማታ ማታ እየመጣች ትለማመድ ብለናል። ሌላም ልጅ ያላችሁ ላኩ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።